አንዲት ‹ዋ›

አማቴን «ተቋቁመዋል?» ብለው የጠየቋት ዕለት እኔ ክፍላችን ውስጥ አልነበርኩም። ብኖር ኖሮ ያ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ። ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ፣ የጎረቤታችንን የሹፌሩን ሚስት ፀጉር እየጠቀለልኩ ነበር። ፀጉር ሠሪ ነኝ። በአገሬ ሳለሁ የራሴ ቤት፣ የራሴ ወንበሮች፣ በር ላይ ተቀምጠው ተራ የሚጠብቁ ደንበኞች ነበሩኝ። እዚህ ያለኝ አንድ መቀስ፣ አንድ ማበጠሪያና የሰው ጭንቅላት ብቻ ነበር። የፀጉር ማድረቂያ ስለሌለኝ ሴቶቹን እጠቀልልና ልብስ ማድረቂያው ማሽን አጠገብ አስቀምጣቸዋለሁ። ሙቀቱ ይበቃል። ጩኸቱ ግን ጆሮ ይበጥሳል፣ ወሬ እንኳ አያስወራም።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልናገር። አማቴን ፊት ለፊት «እርስዎ» ነው የምላት። ከኋላዋ ሳወራ ግን «እሷ» ነው። የትኛዋም ምራት እንዲህ ናት፤ እኔ አልጀመርኩትም። አሁንም በዚያን ጊዜ አወራ እንደነበረው አድርጌ ነው የምነግራችሁ። የምቀይርበት ቦታ አለ፣ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

የምንኖርበት ሕንፃ ድሮ ሆቴል ነበር። መንግሥት ተከራየውና ከድንበር የመጣነውን ሰዎች አስገባበት። መሥሪያ ቤቱ ሙሉ ስሙ «የስደተኞች መቀበያና ማቋቋሚያ ጽሕፈት ቤት» ነው። ከሆቴሉ የቀረ «እንግዳ መቀበያ» የሚል የነሐስ ጽሑፍ ባንኮኒው ላይ ስለነበረ ለስማቸው ግማሽ ሰሌዳ ማሠራት አላስፈለጋቸውም። «ማቋቋሚያ» የሚለውን በወረቀት ጽፈው ከሥሩ ለጠፉት። ወረቀቱ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይወድቃል። የሚያነሳው ዘበኛው ነው።

በጀታቸውም እንደ ስማቸው ሁለት ነው። በመቀበያው በጀት አልጋ፣ ምግብና ሳሙና ይሰጡሃል። በማቋቋሚያው በጀት ደግሞ አንድ ጊዜ ገንዘብ ይሰጡህና ቤት ተከራይተህ፣ ሥራ ጀምረህ፣ በሰላም ሂድ ይሉሃል። በዚያ ሰሞን የመቀበያው በጀት ሊዘጋ ነው፣ ሕንፃውም ለባለቤቱ ሊመለስ ነው ተባለ። ሁላችንም መውጣታችን ነው። ልዩነቱ አወጣጡ ላይ ነበር፤ ያልተቋቋመ ቤተሰብ ገንዘብ ይዞ ይወጣል፣ በራሱ የተቋቋመ ደግሞ ምስጋና ይዞ ይወጣል።

እኔ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ሳይሰጠኝ በፊት አውቅ ነበር። ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ፣ ከጫማ ጠጋኙ ቀጥሎ፣ ልብስ ሰፊ የለቀቀው አንድ ጠባብ ሱቅ አለ። ከፊት ለፊት ግድግዳውን የሞላ መስታወት ተሰቅሎበታል፤ ከኋላ ሁለት አልጋ የምታስገባ ክፍል አለችው። ባለቤቷ ሴትዮ «እስከ ወሩ መጨረሻ ለሰው አልሰጥብሽም» ብላኛለች። መስታወቱ ፊት ቆሜ ራሴን ሳየው ልቤ እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ እንቅልፌ ውስጥ ሳይቀር ወንበር ሳስቀምጥና ሳነሳ ነው የማድረው።

አሁን ወደ አማቴ ልምጣ። ሕንፃው ውስጥ ኮሎኔሏ ነው የሚሏት። ወታደር ሆና አታውቅም፤ በአገሯ የእህል ነጋዴ ነበረች። ግን ጀርባዋ አይጎብጥም፣ ድምፅዋ አይወርድም። አሳንሰሩ ተበላሽቶ ሁላችንም ደረጃውን እያቃሰትን ስንወጣ እሷ አንድ ጊዜ እንኳ ቆማ አታውቅም። «ደከመኝ» የሚል ሰው ስትሰማ ኪሷ እንደገባ ሌባ ነው የምታየው።

ልጇ ባሌ ነበር። ድንበሩን ልንሻገር ጥቂት ሲቀረን የእናቱ የደም ግፊት ክኒን ያደርንበት ቤት ተረስቶ መቅረቱን አወቅን። «መጣሁ» ብሎ ተመለሰ። እሷ «ተወው» አላለችውም። እኔም አላልኩትም፣ ግን ክኒኑ የኔ አይደለም። እሱ አልመጣም። ከኋላችን የመጣ የሰፈራችን ሰው ደርሶብን የት እንደተቀበረ ነገረን። ሰውየው ሲነግረን እኔ መሬት ላይ ወደቅኩ። እሷ ቆማ ሰማችው፣ ከዚያ «ውሃ ስጧት» አለች። እኔን ማለቷ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንዲት እንባ አላየሁባትም። እዚህ ስንደርስ ሐኪም ያንኑ ክኒን አዘዘላት። በየማለዳው መታጠቢያው ጋ ትቆማለች፣ ጀርባዋን ትሰጠኛለች፣ ትውጣለች። አንድም ቀን ረስታ አታውቅም። ባሌ የሞተበትን ክኒን እንደ ከረሜላ ታጣጥመዋለች እላለሁ በልቤ። ጠልቻት ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። ግን ከሱ የቀረችኝ እሷ ናት፣ ለእሷም የቀረኋት እኔ ነኝ፤ መዝገቡም ላይ አንድ ቤተሰብ ነን። የቤተሰቡ ኃላፊ እሷ ናት።

ያን ዕለት የጠቀለልኳትን ሴትዮ አድርቄ ስመለስ አማቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

«ያ ጨዋ ልጅ መጥቶ ነበር» አለችኝ።

ጨዋው ልጅ የጉዳይ ሠራተኛችን ነው። ስሙን ነግሮን ነበር፤ ግን አፉን የሚከፍተው በ«ይቅርታ» ስለሆነ ሕንፃው በሙሉ አቶ ይቅርታ ይለዋል።

«ምን አለዎት?»

«‹ተቋቁመዋል ወይ?› አለኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«‹ተቋቁሜዋለሁ› አልኩት። ሌላ ምን ልበለው? እዬዬ ልበልለት?»

«ከዚያስ?»

«‹ደስ ይላል› አለና ነካ ነካ አደረገ። ያችን እንደ ስልክ የምትነካ ጠፍጣፋ ነገሩን ይዟት ነው የመጣው።»

እኔም ነገሩ አልከነከነኝም። እንዲያውም መሥሪያ ቤቱ የሰው ሆድ መጠየቅ ጀመረ ብዬ ደግ አሰብኩላቸው።

ከጥቂት ቀን በኋላ በራችን ሥር ፖስታ ገብቶ አገኘን። ውስጡ ወፍራም ወረቀት ነው፤ ዙሪያውን የወርቅ ቀለም ሐረግ ዞሮታል፣ ከታች ማኅተም አለው። የአማቴ መነጽር መንገድ ላይ ስለተሰበረ እኔ አነበብኩላት። «ቤተሰብዎ በራሱ ጥረት ተቋቁሞ የመንግሥትን በጀት ከወጪ በማዳኑ ጽሕፈት ቤታችን ከፍ ያለ ምስጋናውን ያቀርባል። መልካም ኑሮ» ይላል። ድገሚልኝ አለችኝ፣ ደገምኩላት።

«ያውቃሉ ማለት ነው» አለች። «እኔ ሰው የማያውቁ መስሎኝ ነበር።»

ሆቴሉ ሥዕል ያወረደበት ምስማር ግድግዳው ላይ ቀርቶ ነበር። እዚያ ላይ እንድሰቅለው አዘዘችኝ፣ ሰቀልኩት። እንዲያውም ጠመመ ብላ ራሷ አስተካከለችው።

ያን ቀን ከሰዓት ሹፌሩ መቀስ ሊዋሰኝ መጣ። ፊት ለፊታችን ያለው ክፍል የሱና የሚስቱ ነው። በአገሩ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር፤ እዚህ የሚነዳው ስለሌለው የሰው ወረቀት ያነባል። ግድግዳውን አየና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እስከ ማኅተሙ ድረስ ወረደ።

«እናንተ» አለ፣ «ተባራችሁ እኮ።»

«ምስጋና ነው» አለችው አማቴ።

«ምስጋናማ ነው። ‹ተቋቁሟል› የተባለ ሰው የሚሰጠው እሱን ነው። ገንዘቡ ለ‹አልተቋቋመም› ነው። እኔ ሲጠይቀኝ ‹እንኳን ልቋቋም ልቆምም አልቻልኩ› ብዬ ግድግዳ ተደግፌ ነው የመለስኩለት።»

መቀሱን ሳይወስድ ሄደ። አማቴ ወረቀቱን ትኩር ብላ አየችው። እኔ ግን ባንኮኒው ጋ ለመድረስ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

ባንኮኒው ላይ የሆቴሉ ደወል አለ፣ የምትጫን ትንሽ ክብ ደወል። አቶ ይቅርታ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር፤ ግን ደወሉን ካልተጫኑ ቀና አይልም፣ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ተጫንኩት።

«ይቅርታ፣ ምን ልታዘዝ?»

ወረቀቱን ነገርኩት። ጠፍጣፋ ነገሩን ከፈተና ፈለገን።

«ይቅርታ፣ እናትዎ ራሳቸው ናቸው ያሉት።»

«አማቴ ናት።»

«ይቅርታ፣ አማትዎ። ‹ተቋቁሜያለሁ› ብለዋል። ይኸው እዚህ አለ።»

«‹ተቋቁሜዋለሁ› ነው ያለችው። በ‹ዋ›።»

«ይቅርታ?»

«በ‹ዋ› ነው እያልኩህ ነው። በ‹ያ› ከሆነ ቤት አገኘሁ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ተደላደልኩ ነው። በ‹ዋ› ከሆነ ግን መከራውን ቻልኩት ነው። እሷ ‹ቻልኩት› ነው ያለችህ፤ አንተ ‹ተደላደልኩ› ብለህ ጻፍክ።»

አቶ ይቅርታ ሁለቱንም ቃል ለራሱ በቀስታ አላቸው። አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ። ከዚያ ፊቱ ልውጥውጥ አለ፤ ክፉ ልጅ አይደለም።

«ሲነገር እኮ አንድ ነው የሚመስለው» አለ።

«እንግዲህ ሰምተሃል። አስተካክለዋ።»

«ይቅርታ፣ ሲስተሙ አንዴ ‹ተቋቁሟል› ካለ ወደ ኋላ አይመለስም። ለኮሚቴው አቤት ማለት ይቻላል። ግን የቤተሰቡ ኃላፊ ቀርበው በራሳቸው አንደበት ‹አልተቋቋምኩም› ማለት አለባቸው።»

«እኔ ብቀርብና ብናገርስ?»

«ይቅርታ፣ እርስዎ ጥገኛ ነዎት።»

«ምን አልከኝ?»

«መዝገቡ ላይ ነው። የቤተሰብ ኃላፊና ጥገኛ ነው የሚለው። ይቅርታ።»

ወላጆቼ ይህን ሰምተው ቢሆን ኖሮ። ገና ልጃገረድ ሳለሁ ጀምሮ የራሴን እንጀራ የበላሁ ሴት ባንኮኒ ላይ ተደግፌ ጥገኛ ተባልኩ። በሩ ተከፈተና «ማቋቋሚያ» የሚለው ወረቀት ወደቀ። ዘበኛው አነሳው። እኔም ወደ ላይ ወጣሁ።

አማቴ ፎጣ እያጠፈች ነበር። ሆቴሉ የተወልን ፎጣዎች ናቸው፤ በየቀኑ ታጥባቸዋለች፣ በየቀኑ ታጥፋቸዋለች።

«እማማ» አልኳት፣ «ኮሚቴ ፊት ቀርበው አንዲት ቃል ይናገሩልኝ።»

«ምን የሚል?»

«‹አልተቋቋምኩም› የሚል።»

እጇ ፎጣው ላይ ቆመ። «ማን ነው ያልተቋቋመው?»

«የመሥሪያ ቤት ቃል ነው፣ እማማ። ቤት የለንም፣ ሥራ የለንም ማለት ነው እንጂ እርስዎን አይነካም።»

«ታዲያ ‹ቤት የለንም› ይበሉ። ቤቱን ትተው ለምን እኔ ላይ ይመጣሉ?»

«ቃሉን እኔ አላወጣሁት።»

«ስሚኝ። እኔ መጋዘኔን ዘግቼ፣ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ የመጣሁ ሴት ነኝ። አሁን ሰው ፊት ቆሜ ‹አቃተኝ፣ ወደቅኩ› ልበል? ለገንዘብ?»

«ለቤት።»

«አንቺ በያ። አንቺ ሲያቅትሽ ያምርብሻል።»

«እኔ ጥገኛ ነኝ። ቃሌ አይቆጠርም።»

«እሱንማ ማን ይክዳል» አለችና ፎጣዋን ማጠፍ ቀጠለች።

ደሜ ፈላ። ሱቁን፣ መስታወቱን፣ የኋላውን ክፍል አሰብኩ። ቃል ከአፌ ወጣ።

«እኔ ደግሞ ማንን ነው የምለምነው» አልኳት። «ለልጅዎ ያላለቀሱ ሴት ለኔ ምን ይሆናሉ።»

ፎጣውን አጠፈች፣ ክምሩ ላይ አስቀመጠች፣ በእጇ ጫን ጫን አድርጋ አስተካከለችው። ከዚያ ሌላ ፎጣ አነሳች። እኔ እዚያው ደርቄ ቆሜ ቀረሁ፤ ይቅርታ መጠየቅ እንኳ አልመጣልኝም፣ ያን ቃል አቶ ይቅርታ ጨርሶታል።

ከዚያ በኋላ በኛ ክፍል ወሬ ጠፋ። እሷ «ሳሙና» ስትል አቀብላታለሁ፣ እኔ «መብራት» ስል ታጠፋለች። ባለሱቋ ሴትዮ ሰው ላከችብኝ፤ ሌላ ተከራይ መጥቷል፣ ቁርጤን እንዳሳውቃት ትፈልጋለች። «ኮሚቴው የሚቀመጥበት ቀን አለ፣ እሱን ጠብቂኝ» ብዬ ላኩባት። ማንን ተማምኜ እንደምጠብቅ ግን ራሴም አላውቅም። ብቻዬን ሄጄ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር፤ ባይሰሙኝም እናገራለሁ ብዬ።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ አማቴ ለብሳ፣ ጫማዋን አስራ፣ በሩ ጋ ቆማለች። ክኒኗን ውጣ ጨርሳለች።

«ተነሺ እንጂ» አለችኝ። «ሰው ማስጠበቅ ነውር ነው።»

ምን ልትል እንዳሰበች አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት ትተወዋለች ብዬ ፈራሁ። ደረጃውን ስንወርድ እንኳ ከኋላዋ ሆኜ ነበር።

ኮሚቴው የሚቀመጠው የሆቴሉ የሰርግ አዳራሽ ውስጥ ነው። ጣሪያው ላይ ነጭ ጨርቅና የወየበ የወረቀት አበባ እንዳለ ቀርቷል። ሌላው ወንበር በየክፍሉ ስለተከፋፈለ ሰብሳቢው የሙሽራው ወንበር ላይ፣ ጸሐፊዋ የሙሽሪት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ወንበሮች ወርቅ የተቀቡ፣ መደገፊያቸው ላይ ልብ የተቀረጸባቸው ናቸው። ሦስተኛው አባል የፕላስቲክ ዱካ ደርሶታል። አቶ ይቅርታ ግድግዳ ተጠግቶ ቆሟል።

«ይቀመጡ፣ እማማ» አላት ሰብሳቢው። መቀመጫ ግን አልነበረም።

«ቆሜ እናገራለሁ።»

«መልካም። መዝገቡ ላይ ተቋቁሜያለሁ ብለዋል። ዛሬ ምን ይላሉ?»

«‹ተቋቁሜዋለሁ› ነው ያልኩት» አለች።

አለቀ፣ ጉዴ ፈላ አልኩ። አቶ ይቅርታም ዓይኑን ጨፈነ።

«መንገዱን ተቋቁሜዋለሁ» አለች አማቴ፣ እህል እያስለካች እንዳለች ሁሉ እየረጋች። «ርሀቡንም፣ ዝናቡንም ተቋቁሜዋለሁ። የናንተን ሾርባ ሳይቀር ተቋቁሜዋለሁ።» ዱካ ላይ ያለው ሰው ሳቀ። «ይህችንም» አለች በአገጯ ወደኔ እያመለከተች፣ «ተቋቁሜያታለሁ።» አሁን ሰብሳቢውም ሳቀ፣ ጸሐፊዋም ሳቀች። እኔ ብቻ አልሳቅኩም።

«እንግዲህ ተቋቁመዋል ማለት ነው» አለ ሰብሳቢው።

«አልጨረስኩም» አለች።

ሳቁ ቆመ።

«ልጄ ለኔ ክኒን ብሎ ተመለሰ። ክኒን ነው፤ እህል አይደለ፣ ውሃ አይደለ። ለጥቂት ቀን ቢቀርብኝ አልሞትም ነበር። ‹ተወው፣ ይቅርብኝ› ልለው አፌ ላይ ነበር። አላልኩትም። የሚያስብልኝ ልጅ አለኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ቆሜ አየሁት። ሲሄድ ከጀርባው አየሁት። አሁን በየማለዳው ያን ክኒን እውጣለሁ። አልውጥም ብል በከንቱ ሄደ ማለት ነው፣ ስውጠው ደግሞ እሱን የምውጥ ነው የሚመስለኝ። ይህን አልተቋቋምኩትም። ሌላውን ሁሉ ተቋቁሜዋለሁ፣ ይህን ግን አልተቋቋምኩትም። ይኸው ተናገርኩ፤ ጻፉት።»

ድምፃቸው አልወረደም። ጀርባቸውም እንደዚያው ቀጥ እንዳለ ነው። እኔ እሳቸውን አላየሁም፤ ጣሪያው ላይ ያለውን የወረቀት አበባ ነበር የማየው፤ ዓይኔ ሞልቶ አበባው ሁሉ አንድ ላይ ተደባለቀብኝ። በየማለዳው ጀርባቸውን የሚሰጡኝ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ሰብሳቢውን አየችው። «‹አልተቋቋሙም› ብዬ ልጻፍ?» አለች። «የቀረውን የምጽፍበት ቦታ የለውም።»

«ጻፊው» አላት። ከሙሽራው ወንበር ላይ ተነሥቶ ቆመ፤ ምን ማድረግ እንዳለበት ያወቀ አይመስልም። «ይቅርታ፣ እማማ» አለ።

«ምንም አይደል» አሉት። «እናንተ ምን አደረጋችሁ።»

ወጣን። የደረጃው ምንጣፍ ቀይ ነው፣ መሐሉ ተበልቷል። እሳቸው ከፊት እኔ ከኋላ እየወጣን ከመጀመሪያው መታጠፊያ በላይ ቆሙ። የደረጃውን መደገፊያ ያዙ። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጡ፣ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ያን ቀን የተናገርኩት…»

«እውነትሽን ነው የተናገርሽው» አሉኝ። «አላለቀስኩም። ከጀመርኩ የሚያስቆመኝ የለም ብዬ ነው። አንቺን ደግሞ ማን ይይዝሻል፤ አንቺ እንደሆንሽ እንደ ጆንያ ነው የምትወድቂው።»

እዚያው አለቀሱ። የእህል ነጋዴ ሆነው፣ ሰው እየወጣ እየወረደ፣ እጄን ይዘው። ሹፌሩ ከላይ ሲወርድ አየንና ደነገጠ። ኮሎኔሏን ተቀምጠው አይቷቸው አያውቅም።

«ምነው፣ ደከማቸው እንዴ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። «ደክሟቸዋል።»

ቀና አሉ። አሁን ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። «አዎ፣ ደክሞኛል» አሉት፣ እና ሹፌሩ ምርኩዝ የሆነ ይመስል በሁለታችን መሐል እጁን ዘርግቶ ቆመ። ሦስታችንም ሆነን ቀስ ብለን ወጣን።

የገንዘቡ ነገር ተንዛዛ፤ ግን መጣ፣ ባለሱቋም ጠብቃን ነበር። ጽሕፈት ቤቱ የምስጋናውን ወረቀት መልሱ ብሎ ነበር፣ እሳቸው «የሰጡኝን ነው፣ አልመልስም» አሉ። አሁን ሱቃችን ውስጥ ከመስታወቱ አጠገብ ተሰቅሏል። ደንበኞች ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ «መንግሥት ነው ያመሰገነኝ» ይሏቸዋል፣ ዝርዝሩን አይናገሩም። በሩ ጋ ወንበር አላቸው፤ ተራ የሚያስይዙት እሳቸው ናቸው፣ ተራዋን የዘለለች ሴት እስካሁን አላየሁም። የፀጉር ማድረቂያዬ አሮጌ ነው፣ ግን እንደ ልብስ ማሽኑ አይጮህም፣ ወሬ ያስወራል።

አንድ ማለዳ ገና በሩን እንደከፈትን አቶ ይቅርታ መጣ። ለክትትል ነው የመጣው፣ ጠፍጣፋ ነገሩን ይዟል። የጫማ ጠጋኙን ዱካ አምጥቼለት አልቀመጥም አለ።

«ይቅርታ» አለ፣ «መጠየቅ ስላለብኝ ነው። አሁንስ ተቋቁማችኋል?»

እማማ ክኒናቸውን መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ውሃ እየጠበቁኝ ነበር። አሁን ውሃውን የምቀዳው እኔ ነኝ።

«በየትኛው?» አሉት።

«ይቅርታ?»

«ቤቱን ከሆነ ተቋቁመናል ብለህ ጻፍ፣ በደንብ አድርገህ ጻፍ። ያኛውን ደግሞ እየቻልነው ነው፣ እሷም እኔም። የሚጻፍበት ቦታ አለው?»

አቶ ይቅርታ ከላይ እስከ ታች ፈለገ። የእውነቱን ነው የፈለገው። «ይቅርታ፣ ቦታ የለውም» አለ።

«እንግዲያው ተወው» አሉት። ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበሉኝ፤ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ክኒናቸውን ዋጡ።